ቢጫውን ክር ያጠብኩ ቀን

ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ነገሩን የሰሙ ጥቂት ሰዎች «ምን ታደርግ፣ ያኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርክ» እያሉ ሊያጽናኑኝ ስለሚሞክሩ ነው። መጽናናት አልፈልግም። ወረቀቱ «ክሩን ውሃ እንዳይነካው» ይላል። አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛል፣ ከዚያም አጥቤዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የባና ሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማህበር እሠራ ነበር። ባና ለማያውቅ አንባቢ፣ ከበግ ጠጉር ተሸምኖ የደጋ ሰው ለብሶት የሚተኛ ወፍራም ልብስ ነው። አባቴም መዘዞ በሚባለው አገራችን ተቀምጦ የሠራው ይህንኑ ነው። ባና ከሸማኔ እጅ እንደወረደ ልብስ አይባልም። የጠጉሩ ቅባት አለበት፣ ይሸታል፣ መልኩም ቢጫ ይላል። በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በእግር ተረግጦ፣ ውሃው ሦስት አራት ጊዜ ተለውጦ ነው ሰው ፊት የሚቀርበው። ያልታጠበ ባና ገበያ ያወጣ ሸማኔ መሳቂያ ነው፤ ልጁን የሚድርለት እንኳ አያገኝም።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት። የምስክር ወረቀት ሲሰጡኝ ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። በየግድግዳው የተለጠፈውን መፈክር ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር መንገድ የምሄደው። ሚስቴ «ዝም ብለህ ተራመድ፣ ሰው ካድሬ ሆነ እንዳይልህ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን በሁለት ነገር ራሴን አዋቂ አድርጌ ነበር፤ በክር ከድሮ ጀምሮ፣ በፊደል ደግሞ ከትናንት ወዲያ።

አንድ ቀን ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ሴት ማህበራችን ግቢ መጣች። ጸዳለ ትባላለች። ከአንዱ ሶሻሊስት አገር የመድኃኒት ሙያ ተምራ ተመልሳ፣ በከተማው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ተመድባ ነበር።

«በክር ላይ እጁ የማይቸኩል ሰው ስጡኝ» አለችው ሊቀመንበራችንን።

«የማይቸኩል ካልሽ ከፈለኝ ነው» አለ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ እየጠቆመ። «ባና ሲጀምር ግልገል የነበረችው በግ፣ ሲጨርስ አያት ሆና ትገኛለች።»

ሰው ሳቀ። እኔ ኮራሁ። ተከትያት ስሄድ መንገድ ላይ ጠየቅኋት።

«ምን ዓይነት ክር ነው ሲስተር?»

«ሲስተር አይደለሁም ጋሼ ከፈለኝ። ፋርማሲስት ነኝ።»

«እሺ ሲስተር።»

ሳቀች። እስከ መጨረሻው ሲስተር እንዳልኳት ቀረሁ።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻት። እዚያ ከውጭ ይዛው የመጣችውን ነጭ ዱቄት በጣሳ አሳየችኝ። «ፖሊመር ይባላል» አለች። «ይሄኛው ከጥጥ የሚወጣ ነው። በዓይን የማይታይ፣ እንደ ዶቃ የተሰካካ ረጅም ሰንሰለት አድርገው ያስቡት።» ዱቄቱን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በሚሸት ፈሳሽ ስታሟሟው እንደ ማር ይወፍራል። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን ቢጫ መድኃኒት ትጨምርበታለች። ያንን በሲሪንጅ ሞልታ በቀስታ ስትገፋው፣ ከመርፌው ጫፍ የፀጉር ያህል የቀጠነ ክር ይወርዳል፤ አየር እንዳገኘውም ይደርቃል። ችግሯ ክሩ እየተበጠሰ ማስቸገሩ ነበር። እኔ ከዋንዛ እንጨት ትንሽ ማጠንጠኛ ሠራሁላት፤ አንድ እጄ ሲሪንጁን ሲገፋ ሌላው ማጠንጠኛውን ያዞራል። በሦስተኛው ቀን ክሩ መበጠስ አቆመ።

«እንዳያጠብቁት» ትለኝ ነበር። «እንደ ወፍ ጎጆ ላላ ያለ ይሁን። መግሉ መውጫ ይፈልጋል።»

ክሩ ምን እንደሚሠራም አስረድታኛለች። አላስረዳችኝም ማለት አልችልም። «መድኃኒቱ ክሩ ውስጥ ተቀብሯል» አለች። «ቁስል ውስጥ ሲገባ፣ የቁስሉ እርጥበት እየነካው ትንሽ ትንሽ ይወጣል። አሥር ቀን ይቆያል። ከብት አሞሌ ጨው ስትልስ አይተዋል? አንዴ አትጨርሰውም። እንደዚያ ነው።»

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለአንድ ሰው እግር ነበር። ጋሽ ሁሴን የአልዩ አምባ ጥጥ ነጋዴ ናቸው። በቅሎ ጥላቸው እግራቸው ተሰብሮ፣ ስብራቱ ቢገጥምም ቁስሉ አጥንት ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት መግል ሲያፈስ ኖሯል። በየቀኑ መርፌ ልወጋ እንዳይሉ፣ ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር ጤና ጣቢያ ያለው ዳገት ለጤነኛም የሚከብድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ይዘጋዋል። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም ከጉልበት በታች ይቆረጥ ብሎ ወስኗል። ጸዳለ ሐኪሙን ለምና ሠላሳ ቀን አገኘች። ሦስት ዙር ክር፣ እያንዳንዱ አሥር ቀን። በሠላሳው ቀን መግሉ ካልቆመ እግሩ ይቆረጣል።

የመጀመሪያውን ክር ራሷ አንኮበር ድረስ ወስዳ አስገባችላቸው። በሰባተኛው ቀን አንኮበር ላይ ቁስል ከሚጠርገው ድሬሰር፣ ከታደሰ፣ ወረቀት መጣ። መግሉ በግማሽ ቀንሷል፣ ሽታ የለም፣ ትኩሳት የለም ይላል። ጸዳለ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። እኔ ሥራ የያዝኩ መስዬ ማጠንጠኛውን አዞርኩ።

ሁለተኛው ዙር ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለፖለቲካ ትምህርት አዲስ አበባ ጠሯት። አልሄድም የሚባልበት ዘመን አልነበረም። ከመሄዷ በፊት መድኃኒት የተቀላቀለበትን ፈሳሽ በሁለት ጠርሙስ አዘጋጀች። አንዱ ለክሩ ነው፤ ሌላው ምናልባት አንድ ነገር ቢበላሽ ብላ ያስቀመጠችው ነው። መመሪያውን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

«ያንብቡልኝ እስቲ» አለች።

ጣቴን ከቃል ቃል እያሻገርኩ አነበብኩላት። እጅዎን ይታጠቡ። ክሩን አያጥብቁት። ክሩን ውሃ እንዳይነካው። በጣሳ ከድነው ለታደሰ ይስጡት።

«ጎበዝ» አለች። «ገባዎት?»

«ገባኝ ሲስተር። ክር ለእኔ ነው የሚነገረኝ?»

ሄደች። እኔም ክሩን በሁለት ቀን ጨረስኩ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም።

ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ የቆርቆሮዋ ክፍል ደግሞ ታፈስ ነበር። ስለዚህ ክሩን ይዤ ወደ ማህበሩ ሄድኩና በጎጆ መልክ የማዘጋጀቱን ሥራ እዚያ ቀጠልኩ። ሊቀመንበሩ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን የሚቀርብ ዕቃ ሲመርጥ እኔ ዘንድ ደረሰ።

«ይሄ ነው በየስብሰባው የማወራለት የመድኃኒት ክር?»

«ይሄ ነው።»

በሁለት ጣቱ አነሳው። «የሕፃን ሽንት ጨርቅ ይመስላል። የማህበራችን ውጤት ብዬ እንግዳ ፊት ላስቀምጠው ነበር እኮ። ሽታውስ?»

«ሙያውን ረሳዋ» አለ አንዱ ሸማኔ ከወዲያ። «ፊደል ሲገባ ማጠብ ወጣ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሃያ ዓመት አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ ዱላ አልመጣብኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። የተሳቀብኝ ያንን ያህል ብቻ ነው።

ክሩን አየሁት። እውነትም ቢጫ ነው፣ እውነትም ይሸታል። ለእኔ ዕድሜ ልኬን ቢጫ ክር ያልታጠበ ክር ነው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሷ ስለ መድኃኒት ታውቃለች እንጂ ስለ ክር ምን ታውቃለች አልኩ። እኔ አይደለሁም ወይ እንዳይበጠስ ያደረግኩላት? ትንሽ ውሃ ምን ያደርገዋል፣ መልሼ አደርቀዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው ውሃ የጣድኩት።

በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና አጠብኩት። የመጀመሪያው ውሃ ቢጫ ሆነ። ደፋሁት። ሁለተኛው ፈዘዝ አለ። ሦስተኛው እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ክሩ በእጄ ላይ እንደ አዲስ ጥጥ ነጣ። ሸማኔዎቹ ተሰብስበው ሲያዩት ሊቀመንበሩ «አሁን ገና ከፈለኝ ሠራው» አለና ለኤግዚቢሽኑ አንድ ቁራጭ ቆርጦ ወሰደ። ላቤን ልጠርግ እጄን ወደ ፊቴ ስወስድ ከንፈሬን ነካሁ። ጣቴ መረረኝ። የበግ ቅባት አይመርም። መድኃኒት ነው የሚመረው።

እዚያች ቅጽበት ላይ አውቄያለሁ። ሌላ ጊዜ ይህን ሳወራ «ጠረጠርኩ» እል ነበር፤ ውሸት ነው፣ አውቄያለሁ። የቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ሁለተኛው ጠርሙስ እንዳልተከፈተ ተቀምጧል። አውቶቡሱ የሚነሳው በማግስቱ ነው። ሄጄ ሌሊቱን ሳልተኛ ብሠራ እስከ ጠዋት የሚበቃ ክር አገኝ ነበር። ግን ያ ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ያውም «አሁን ገና ሠራው» በተባልኩ በደቂቃው። ክሩን አድርቄ ጣሳ ውስጥ ከደንኩት።

በማግስቱ አንኮበር ስደርስ ጉሙ የጤና ጣቢያውን በር እንኳ ሸፍኖታል። ጋሽ ሁሴን ከወንድማቸው ከእንድሪስ ጋር በበቅሎ ወጥተው ይጠብቁኝ ነበር። አልጋው ላይ ተጋድመው እግራቸውን ዘርግተዋል። ታደሰ ድሬሰሩ አሮጌውን ክር ሲያወጣ ቁስሉ ቀይ ሥጋ ይዟል።

«አየኸው?» አለኝ ታደሰ። «ይሄ እግር ሊተርፍ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሁሴን።

ታደሰ ጣሳውን ከፈተ። ክሩን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ያኛው ቢጫ ነበር።»

«ይሄ የተሻሻለው ነው» አልኩ።

«ጸዳለ ናት ያሻሻለችው?»

«አዎ።»

ሁለት ቃል ነው። በአንዱ ዋሸሁ፣ በሌላው ውሸቱን በእሷ ላይ ጫንኩት።

«ያኛው የበቆሎ ፀጉር ይመስል ነበር» አሉ ጋሽ ሁሴን አንገታቸውን ቀና አድርገው። «ይሄኛው ሸምግሏል።» ሁሉም ሳቁ። ታደሰም እየሳቀ ነጩን ክር በመቆንጠጫ ይዞ ቁስላቸው ውስጥ አስገባው። እሳቸው «ቢስሚላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ክሩን የሚያስገባበትን እጁን ሳይ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር መልሶ ያወጣዋል። አልተናገርኩም። ጨርቁን ጠቀለለው።

የመመለሻዬ መኪና እስኪመጣ ጋሽ ሁሴን ከጤና ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የአጎታቸው ልጅ ቤት ምሳ ጋበዙኝ። እንቢ አልኩ። «ክሩን ያደረስከው አንተ፣ በባዶ ሆድ ልትሄድ?» ብለው እጄን ያዙኝ። የፍልሰታ ጾም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው እስላም። ምን ያበሉኛል ብዬ ሳስብ፣ በአዲስ የሸክላ ድስት የተሠራ ሽሮ ቀረበ። ድስቱ ገና ጥቀርሻ አልያዘውም።

«ድስቱ ቅቤም ሥጋም አልነካውም» አለኝ እንድሪስ። «ለአንተ ብሎ ትናንት ነው ከገበያ ያስመጣው። እኔ ተሸክሜው ወገቤ ተቆርጧል።»

«ዝም በልና ብላ» አሉት ጋሽ ሁሴን። ወደ እኔ ዞሩ። «የሰው ጾም ማበላሸት ጥሩ አይደለም። ብላ ወንድሜ።»

በላሁ። እሳቸው እግራቸው ሲተርፍ የሚያደርጉትን ያወሩ ነበር። ጥጥ ለመግዛት ቆላ እንደሚወርዱ፣ በራሳቸው እግር ቆመው መስገድ እንደናፈቃቸው። «ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዷል» አሉ፣ «ግን ሰው መቆም ይፈልጋል።» ክሩ ከገባ አንድ ሰዓት አልሞላውም። ጉሙ ተገፎ ጤና ጣቢያው ከተቀመጥንበት ይታያል። ተነስቼ «ታደሰን ጥሩት» ማለት እችል ነበር። ሽሮውን ጨረስኩና አመስግኜ ወጣሁ። መኪና ስሳፈር እንድሪስ ለልጆቼ ብርቱካን በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ወንዙ ሞልቶ ሁለት ቀን አገዳቸው። በስምንተኛው ቀን ስምንት ሰው በቃሬዛ እየተቀባበለ አንኮበር አወጣቸው፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገቡ። ጸዳለ ከአዲስ አበባ በዚያው ቀን ነው የተመለሰችው፤ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነው የመጣችው። እኔንም አስጠራችኝ።

ታደሰ ከቃሬዛው ጋር መጥቷል። ክሩን አውጥተው በሳህን አስቀምጠውታል። ጸዳለ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው።

«ነጭ ነው» አለች።

«የተሻሻለው ነው ተብዬ ነው ያስገባሁት» አለ ታደሰ።

«ማን አሻሻለው?»

ታደሰ ወደ እኔ አገጩን ቀሰረ። ጋሽ ሁሴን በትኩሳት ይቃዣሉ።

«ጋሼ ከፈለኝ፣ ውሃ ነክቶታል?»

«አልነካውም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወረቀቱን አንብቤልሻለሁ እኮ ሲስተር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነው እንዲህ የወጣው። አደባለቁ ላይ ይሆናል። የተሻሻለ ያልኩት ነጭ ሆኖ ሳየው መስሎኝ ነው።»

አመነችኝ። ያመነችኝ ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው። ሳህኑን እንደያዘች መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና «እኔ ነኝ» አለች። «ሚዛኑን ተሳስቼ ነው። ወይ ደግሞ ክሩ መድኃኒቱን አይዝም።» ታደሰ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ከመሸሽ ይልቅ መቆም እንዴት ቀላል እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እግሩ በማግስቱ ተቆረጠ። ከጉልበት በታች የተባለው ቀርቶ ከጉልበት በላይ።

ከሰዓት በኋላ እንድሪስ ማህበሩ ድረስ ፈልጎ መጣ። «እኛ ለከተማው እንግዳ ነን» አለኝ። «እግሩን መቅበር አለብን። በሃይማኖታችን አይጣልም። መቆፈሪያ የምታገኝልን አንተ ነህ።»

ዶማ ይዤ ሄድኩ። የእስላም መቃብር ጥግ ላይ እኔ ቆፈርኩ፣ እንድሪስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ይዞ ቆመ። አፈሩ በዝናብ ርሶ ለመቆፈር ቀላል ነበር። ጉድጓዱ ሲበቃ «እስቲ ያዝልኝ» ብሎ ጥቅሉን ሰጠኝ፣ እሱ ወርዶ ለመቀበል። የሰው እግር ለብቻው ሲይዙት ይከብዳል። ይሞቅ የነበረ ይመስለኛል፤ ሊሆን አይችልም፣ ግን እንደዚያ ይመስለኛል። መልሼ አቀበልኩት። አፈር ከመለስን በኋላ እንድሪስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላህ ይስጥህ፣ ከዘመድ በላይ ሆንክልን» አለኝ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ምንም አልቀለለኝም፤ የተናገርኩት ሊስቅብኝም ሊከሰኝም ለማይችል ሰው ነበርና።

ኅዳር ሲብት ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ጋሽ ሁሴን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይመዝናሉ፤ ምርኩዛቸው ከጎናቸው ተጋድሟል። ሲያዩኝ ደስ አላቸው። ደስታቸው ሳይቀዘቅዝ ልናገር ብዬ ቆሜ ተናገርኩ።

«ጋሽ ሁሴን፣ ክሩን አጥቤው ነበር።»

ሚዛኑን አላስቀመጡም። «በምን?»

«በሙቅ ውሃ። በሳሙና።»

«ለምን?»

«ነጭ እንዲሆን።»

ከፊታቸው የቆመችውን ገዢ ጥጧን ሰጥተው ሸኟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለልጅቷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ባለፈው ወር እዚህ መጥታ ነበር። አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ቆማ፣ እግርዎ የተቆረጠው በእኔ ስህተት ነው ብላ አለቀሰች። ያባበልኳት እኔ ነኝ። እግር የሌለኝ እኔ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እግሬ የአላህ ነው፣ ወስዶታል። አንተ አሁን የመጣኸው ይቅርታ ይዘህ ለመሄድ ነው። ከእኔ አፉ የሚባል ነገር አታገኝም፣ ለእሷ እስክትነግራት ድረስ። ሂድ።»

ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ዳገቱን ወጣሁ።

ጸዳለ ከመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ኋላ ኪኒን ትቆጥር ነበር። የቆርቆሮዋ ክፍል ተቆልፋለች። ነገርኳት። ኪኒኑን መቁጠር አቆመች፤ ያሰብኩትን ዓይነት ቁጣ ግን አልተቆጣችም። ጠየቀችኝ።

«ውሃው ምን መልክ ያዘ?»

«ቢጫ።»

«ስንት ጊዜ ለወጡት?»

«ሦስት።»

«ሦስተኛው ነጣ?»

«ነጣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ሠርቷል» አለች። ፊቷ በራ። «መድኃኒቱን ይዞት ነበር። እርጥበት ሲያገኝ ለቀቀው። ልክ እንዳሰብኩት ነው።» እንዲያ ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም፤ የታደሰ ወረቀት የመጣ ቀን እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ለአፍታ እኔም የምሥራች ያመጣሁ መሰለኝ። ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ላይ እየሄደ አየሁት።

«ሦስት ወር» አለች። «ሦስት ወር ሙሉ ይህን እጄን ስጠላው ነበር።»

«ሲስተር...»

«ክሩ አይሠራም ብዬ ለጤና ጥበቃ ጽፌ ልኬያለሁ። በራሴ እጅ። ዱቄቱን መጥተው ወስደውታል። ከሁለት ቀበሌ የቁስል በሽተኛ መዝግቤ ነበር፣ አትምጡ አልኳቸው።»

«እኔ እጽፋለሁ። እፈርማለሁ።»

«ይጻፉ» አለች፣ ወረቀት እየገፋችልኝ። ጻፍኩ። ፊደሌ ትልልቅ ነበር፣ ገጹ አልበቃም፣ ጀርባው ላይ ጨረስኩት። አነበበችው፣ አጣጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ላከችው። መልስ አልመጣም። በዓመቱ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ተዛወረች፤ ስትሄድ ማህበሩ ድረስ መጥታ ሁሉንም ተሰናብታ፣ የእኔንም እጅ ጨብጣለች። ምንም አላለችኝም።

አንባቢ ሆይ፣ ምክር አልሰጥህም። ምክር የሚሰጥ አዋቂ ነው፣ እኔ ደግሞ አዋቂነት ምን እንደሚያደርግ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ያልተማረ ሰው አገር ይጎዳል ሲባል ስሰማ ግን ዝም አልልም። ሳልማር አንድ ሰው አልጎዳሁም። የጎዳሁት አንብቤ፣ ተረድቼ፣ ከዚያ «ምን ታውቃለች» ስል ነው። እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ነው፤ መሳሳት ነው ልትለኝ ትችላለህ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጠርልኝ። በጣቴ ምሬት ላይ፣ በታደሰ ጥያቄ ላይ፣ በአዲሱ ድስት ሽሮ ላይ፣ በመስኮቱ አጠገብ። በየአንዳንዱ ላይ እግሩ ሊተርፍ ወይም ቢያንስ የአንዲት ሴት ሥራ ሊተርፍ ይችል ነበር። በየአንዳንዱ ላይ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ሸማኔዎች እንዳይስቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሥራ ሲያሳየኝ «አውቀዋለሁ» አልልም። ልጆቼ አባታችን ነገር አይገባውም ይላሉ። ይበሉ።

ለጸዳለ መንገሬን ጋሽ ሁሴን ሰምተዋል። ገበያ ላይ ያገኘኝ እንድሪስ «ና ብሎሃል፣ አፉ ሊልህ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ሳልሄድ ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት አለፈ፣ ከዚያ ማረፋቸውን ሰማሁ። ሰው መንገዱ ርቆት ነው ይለኛል። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አልራቀኝም። ይቅር ካሉኝ ማግስቱን እንደ ድሮዬ አንገቴን አቅንቼ እንደምሄድ አውቄ ነው የቀረሁት።